የፈቃድ ቀናትና ሩቅ ደሴቶች

ከሰላም ማስከበር ግዳጅ የተመለሰ አንድ ሃምሳ አለቃ ባለፈው ሳምንት ማታ ቡና እንድጠጣ ወደ ቤቱ ጠርቶኝ ነበር። ከስኒው ቀድሞ የቀረበልኝ ግን አንድ ወረቀት ሆነ። በወረቀቱ ላይ የዓመት ፈቃዱን አሳላፍ ልክ እንደ ግዳጅ ትእዛዝ አድርጎ ጽፎበታል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ መነሻ፣ መድረሻ። ጉዞው ከባለቤቱ ጋር ወደ ሲሸልስ ሲሆን ለዘጠኝ ቀናት ስድስት ደሴቶች ተመድበዋል።

ባለቤቱ ከጀበናው አጠገብ እንደ ተቀመጡ፣ «መቶ አለቃ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ በልቤ የፈረድኩት ቅንጦት ነው ብዬ ነበር። ሆኖም ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ባልና ሚስቱ የገንዘቡን ነገር ከእኔ አስቀድመው በሚገባ ተነጋግረውበታል። ከተጠራቀመው አበል ሦስቱ እጅ ለቤታቸው ክዳንና ለልጆቹ ትምህርት ተለይቶ ተቀምጧል፤ ለጉዞው የቀረው አራተኛው እጅ ነው። ከተጋቡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። የሠርጉ ሳምንት ሳያልቅ የዝውውር ትእዛዝ ስለ ደረሰው ጫጉላ የሚባለውን ነገር በስም እንጂ በኑሮ አያውቁትም። በዚህ ላይ እሳቸው ያለፉትን አሥራ አምስት ወራት ሁለት ልጆች ይዘው ብቻቸውን አሳልፈዋል። ስለዚህ ስለ ቅንጦት የማወራበት አፍ አልነበረኝም።

ክርክሩ ያለው በዕቅዱ ላይ ነው። ሲሸልስ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በቀጥታ መስመር 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ፣ ደሴቶቿ በተለምዶ 115 ተብለው የሚቆጠሩ አገር ናት። የብሷ ሁሉ ቢደመር 455 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባሕር ክልሏ ግን ከ1.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ ከመላዋ ኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ይበልጣል። እንግዲህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ዕቅድ የሚያወጣው ለየብሱ ብቻ ሳይሆን በየብሶቹ መካከል ላለው ውኃም ጭምር ነው።

የሃምሳ አለቃው ወረቀት ይህን ውኃ ፈጽሞ ዘንግቶታል። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ከዋናው ደሴት ከማሄ ተነሥቶ አልዳብራ ይገባል ይላል። አልዳብራ አንድ መቶ ሺህ ያህል ግዙፍ የምድር ኤሊዎች የሚኖሩበት፣ በ1982 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ድንቅ ስፍራ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከማሄ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ አውሮፕላን ማረፊያም ሆቴልም የለውም። ኮረብታና ሸለቆ ቢሆን ኖሮ ሃምሳ አለቃው መለኪያውን ሳያይ ካርታ አያነብም ነበር፤ ሰማያዊ ቀለም ሲያይ ግን ሁሉም ነገር አንድ ስንዝር መሰለው። (በጦር አካዳሚ የካርታ ንባብ ያስተማሩኝ መምህር ይህን ቢያዩ ኖሮ እኔንም አብረው ይቀጡኝ ነበር።)

ባለቤቱ ስለ ካርታ አልተከራከሩም። ወረቀቱን ወደ እሳቸው ሳብ አድርገው፣ «በዚህ ላይ የምንቀመጥበት ሰዓት የቱ ጋ ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

እሱም፣ «በጀልባው ላይ እንቀመጣለን» ብሎ መለሰ።

«አንተ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆንህ ምንም ሳይቀርህ ከቦታ ቦታ ስትንቀሳቀስ ከረምክ። እኔ ኤሊ አላማረኝም። ያማረኝ ቁጭ ብለህ ማየት ነው» አሉት። ሃምሳ አለቃው ዝም አለ። እኔም ቡናዬን ማየት ጀመርኩ።

ከዚህ በኋላ ሦስታችን ዕቅዱን እንደገና ከመጀመሪያው ጻፍነው። መነሻ ያደረግነው የፈቃዱን ወር ነው፤ ይኸውም ሐምሌ። ቱሪስት የሚሄድበትን ወር ይመርጣል፣ ወታደር ግን የተሰጠውን ይወስዳል። ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ በሲሸልስ የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ነው። አየሩ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ባሕሩ ይናወጣል፣ ነፋሱ ፊት ለፊት በሚመታቸው ዳርቻዎችም የባሕር አረም ይከመራል። ስለሆነም በዚህ ወቅት የሚሄድ ሰው ማረፊያውን ነፋሱ በማይደርስበት በሰሜን ምዕራብ በኩል መፈለግ ይኖርበታል፤ በማሄ ቦ ቫሎን፣ በፕራስላን ደሴት ደግሞ አንስ ላዚዮ የተባሉት ዳርቻዎች በዚያ ወገን ናቸው። በታኅሣሥና በጥር ቢሆን ኖሮ ነፋሱ ተገልብጦ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣና ዝናብ ስለሚበዛ ምርጫው ሌላ ይሆን ነበር።

ከማሄ ወደ ፕራስላን የሚወስደው ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባሕር አይተው የማያውቁት ባለቤቱ የማዕበሉን ነገር ሲሰሙ፣ «ይኼ እኮ ግዞት ነው» አሉ። አልተሳሳቱም፤ እንግሊዞች የአሻንቲውን ንጉሥ ፕሬምፔህን ከ1900 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚያ በግዞት አቆይተዋቸው ነበር። ነገር ግን ያንኑ መንገድ ትንሽ አውሮፕላን በሩብ ሰዓት ገደማ ስለሚያደርስ፣ ዋጋው ቢበልጥም አራቱን ደሴቶች በመሰረዝ የተረፈው ገንዘብ ለዚህ ይውላል ተባለ።

በአዲሱ ዕቅድ መሠረት ሦስት ሌሊት በማሄ፣ አምስት ሌሊት በፕራስላን ይሆናል። በፕራስላን ቫሌ ደ ሜ የተባለውን ጫካ ያያሉ፤ በዓለም ላይ ካሉት የዕፅዋት ዘሮች ሁሉ ትልቁ የሚበቅለው በዚያ ነው። ፍሬው እስኪበስል ስድስት ሰባት ዓመት እንደሚፈጅ ስነግራቸው ባለቤቱ ባላቸውን አይተው ሳቁ። አንዱን ቀን በጀልባ ሩብ ሰዓት ያህል ወደምትርቀው ወደ ላ ዲግ ተሻግረው ብስክሌት ይከራያሉ። የቀሩት ቀናት ባዶ ሆነው ተተዉ። ሃምሳ አለቃው ባዶውን ቦታ ሁለት ጊዜ በእርሳስ ሊሞላው ሞክሮ ሁለት ጊዜ ተከልክሏል። ማረፊያው ሆቴል ሳይሆን ማብሰያ ያለው የእንግዳ ቤት እንዲሆን የወሰኑት ባለቤቱ ናቸው፤ ምስርና ሩዝ በዚያም የዘወትር ምግብ መሆኑን ስለ ሰሙ በርበሬ ብቻ ይዘው እንደሚሄዱ ተናግረዋል።

ስለ ወረቀት ጉዳይ በአጭሩ ልናገር። የፈቃዱ ደብዳቤና ከአገር ለመውጣት የሚያስፈልገው የበላይ አካል ይሁንታ በጽሑፍ ከመያዙ በፊት ትኬት መግዛት አይገባም፤ ሲገዛም ቀኑ ሊለወጥ የሚችለውን መምረጥ ይበጃል፤ ፈቃድ ሲተላለፍ ስንቶቻችን አይተናል። ሲሸልስ ቪዛ ባትጠይቅም የመግቢያ ፈቃድ አስቀድሞ ማመልከት፣ የመልስ ትኬትና የተያዘ ማረፊያ ማሳየት ግዴታ ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት።

ሃምሳ አለቃው ይህን ሲሰማ ፈጠን ብሎ ከኪሱ ቢጫዋን ደብተር አወጣ። ለግዳጅ ሲሄድ ተከትቦ ነበር።

«የእኔስ?» አሉ ባለቤቱ።

ስድስት ደሴቶች በሰዓትና በደቂቃ የተጻፉበት ወረቀት ስለዚህ አንድም ቃል አልነበረበትም። ሰኞ ጠዋት ክትባት በሚሰጥበት ስፍራ በኩል ሳልፍ ሃምሳ አለቃውን አየሁት። ባለቤቱ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰው እስኪመጡ ድረስ ወረፋውን ይዞላቸው ቆሟል።