ከማሽኑ በፊት ባልዲው
በኡካ አካባቢ የማር ንግድ ለመጀመር ለሚያስቡ ኅብረት ሥራ ማኅበራት

በኡካም ሆነ በሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች ማር አጣርቶና አሽጎ መሸጥን የሚያስብ ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውን የሚጀምረው ከማሽኑ ነው። ማሽኑ ከየት ይገኛል? ብድሩስ በስንት ዓመት ይከፈላል? በእኛ አስተያየት ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ማኅበሩ ማሩን ከአባሉ የሚረከበው በምን መለኪያ ነው የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው የዚህ አገር ማር የጫካ ማር ነው። ገበሬው ባህላዊውን ቀፎ፣ በአካባቢው አነጋገር ጋጉራውን፣ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ጌተም ሲያብብ ንቡ ነጭ ማር ይሠራል፤ የግራዋና የብሳና ማር ደግሞ መልኩም ጣዕሙም ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ከእጩ፣ ከሰፈፉና ከጭሱ ሽታ ጋር በአንድ ዕቃ ተደባልቆ ሲወጣ ገዥው ጠጅ ጣይ ብቻ ይሆናል። ጠጅ ጣይ ስለ ጌተም ነጭነት ተጨማሪ ሳንቲም አይከፍልም፤ አይፈረድበትምም። ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ማኅበሩ ላልተጣራ ማር የጭነት ዋጋ ሲከፍል ለሰፈፉና ለቆሻሻውም አብሮ ይከፍላል። ሰፈፉ እዚሁ ቀልጦ ሰም ቢሆን ግን ራሱን የቻለ ሸቀጥ ነው።

ንብ የማሩን እንጀራ በሰም የምትከድነው ውኃው ሲቀንስ ነው። ሳይከደን የተቆረጠ ማር በዕቃው ውስጥ ይፈላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለአብዛኛው የማር ዓይነት የሚፈቅደው ውኃ ከ20 በመቶ የማይበልጥ ነው። የማጣሪያ ማሽን ይህን አያስተካክልም፤ ያልበሰለ ማር ቢጣራም ያው ያልበሰለ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ሦስት ባልዲ፣ ንጹሕ የማጥለያ ጨርቅ፣ ሚዛንና መዝገብ ይሁን። በአንደኛው ባልዲ የተከደነ ነጭ ማር፣ በሁለተኛው ሌላው የተከደነ ማር፣ በሦስተኛው የቀረው ይገባል፤ ለየባልዲው ዋጋው ይለያይ። አስቸጋሪው ነገር ጨርቁ ሳይሆን ዋጋውን መለያየቱ ነው። ሊቀ መንበሩ የወንድሙን ልጅ ማር ወደ ሦስተኛው ባልዲ ሲያወርድ ያየ አባል በሚቀጥለው ዓመት ለመቁረጥ አይቸኩልም። ሊቀ መንበሩ ዝም ካለ ደግሞ ጥሩ ማር ያለው አባል ለነጋዴ ይሸጣል፤ ማኅበሩም የሦስተኛው ባልዲ ማኅበር ሆኖ ይቀራል።

አዲስ ነገር የግድ ከሩቅ አይመጣም። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን በታየ ጊዜ መፍትሔው የተገኘው በሽታው ካልበገራቸው ዛፎች ነው። 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ከዚሁ ከመቱ፣ ከቢሻሪ የተመረጡ ናቸው፤ የቁጥራቸው መነሻም ዓመቱን ይናገራል። የተሠራው ሥራ ከቆመው መካከል ደጉን መለየት ነበር።

በብድር መጀመር የሚያሰጋን ያለ ምክንያት አይደለም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ብዙ የአምራች ማኅበራት ፈርሰዋል፤ ያን ዘመን የሚያስታውስ ገበሬ ማኅበር ሲባል እስከ ዛሬ ቀስ ይላል። በዕዳ የወደቀ ማኅበር አባላቱን መልሶ ለመሰብሰብ ይቸገራል። ጌተሙም ቢሆን ሳይመነጠር የሚቆየው ማሩ ለባለቤቱ ሲከፍል ነው።

ማሽን አያስፈልግም አላልንም። ሁለት ወቅት በመዝገብ የተያዘ የነጭ ማር መጠንና የዘለቀ ገዥ ያለው ማኅበር ማሽኑን ቢገዛ እንደግፋለን። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያን ማር መላክ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር አስገብቷታል፤ ነገር ግን ለኡካ ማኅበር ከብራስልስ በፊት የመቱና የአዲስ አበባ ሱቆች አሉ።

የልማት ሠራተኛው ከኮሚቴው ጋር ዋጋውን ማስወሰን ያለበት የጌተም ማር መቆረጥ ሳይጀምር ነው። ባልዲዎቹ ለምግብ የተሠሩና ክዳናቸው የሚገጥም ይሁኑ፤ ጋዝ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ማር አይያዝበትም።