የመንገድ ርቀትና የሰዓት ስፍር

በኢትዮጵያ ቀድሞ የመንገድ ርቀት የሚነገረው በቀን ስፍር ነበረ። «የሦስት ቀን መንገድ ነው» የተባለ እንደ ሆነ፥ ሰሚው ዳገቱንና ቁልቁለቱን፥ የወንዙን ሙላትና የበቅሎውን ድካም አንድ ላይ አስቦ ስንቁን ያሰናዳ ነበረ። ኪሎ ሜትር ከመጣ ወዲህ ግን ርቀት በቍጥር ብቻ ስለሚነገር፥ ጊዜውን አብሮ የሚያስብ ሰው አነሰ። ነገር ግን የቀድሞው አቈጣጠር ዛሬም የሚያስፈልግ መሆኑን የዘመኑ ጉዞ ራሱ ያስረዳል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ ጀምሮ፥ የብዙ ቀን መንገድ የሰዓት መንገድ ሆኗል። ሆኖም በአየርም ቢሆን ርቀትና ጊዜ አንድ አይደሉም። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስፍራ ስለ ሆነና አየሩም ስስ ስለ ሆነ፥ ነዳጁን ሞልቶ የከበደ አይሮፕላን ለመነሣት ይቸገራል። ስለዚህ ሲሄድ በመንገድ አርፎ ነዳጅ ይጨምራል፤ ሲመለስ ግን ሳያርፍ ይደርሳል። መንገዱ አንድ ሲሆን ሰዓቱ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ነገር በወላይታ ሶዶ ይልቁን ጎልቶ ይታያል። ሶዶ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ቢለካ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ያለው የመኪና መንገድ ግን ከ300 ይበልጣል። በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ሶዶ የሚሄድ መንገደኛ ከቦሌ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ያህል ይበራል። በካርታ ላይ ከቦሌ እስከ አርባ ምንጭ ቀጥታ መስመር ቢሰመር ግን ከሶዶ አቅራቢያ ያልፋል። እንግዲህ መንገደኛው የሚፈልገውን ከተማ አልፎ ከወረደ በኋላ፥ 120 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ወደ ኋላ ይመለሳል። በረራው ቢያጥርም ጉዞው አላጠረም።

ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስትሆን፥ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በስድስት ከተሞች ተከፋፍለዋል። ከእነዚህ አንዷ ዲላ ናት። ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ ቢለካ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ ነገር ግን የአባያ ሐይቅና የብላቴ ሸለቆ በመካከል ስላሉ፥ መንገደኛው ወደ ሰሜን በሐዋሳ ዞሮ ከዚህ እጥፍ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳል። አቤቱታ ይዞ የሚመላለስ ባላገር የሚከስረው በሥራ ቀኑ፥ በአዳሩና በስንቁ እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም።

ስለዚህ ቀጠሮ የሚሰጥ ሹምና የመንገድ ሥራ የሚያቅድ መሐንዲስ፥ ካርታውን ከመዘርጋታቸው አስቀድመው፥ ባለጉዳዩ ከደጁ ተነሥቶ እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ሊጠይቁ ይገባቸዋል። አይሮፕላን በሚያርፍበት ሰዓት መኪና ተዘጋጅቶ ቢጠብቅ፥ በደብዳቤ ወይም በስልክ የሚያልቅ ጉዳይም ባለጉዳዩ ባለበት ቢፈጸም፥ አዲስ ጎዳና ሳይጠረግ መንገዱ ያጥራል።