የዋግ ዐጸዶች

ዐጸድ የሚለው የግዕዝ ቃል የታጠረ ሥፍራን፣ አትክልትንና ወይንን አንድ ላይ ይይዛል። በአማርኛ አፍ ግን ዐጸድ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው፤ ዛፉና ጥላው፣ ከሥሩም ያረፉት ሙታን። በሰቆጣ ዙሪያና በዋግ ኽምራ ደጋዎች የአትክልት ሥፍራ ለማየት የሚሻ ሰው የሚፈልገው እርሱን ነው። የተከረከመ ሣርና የተደረደረ አበባ እዚያ አይገኝም። የሚገኘው በተራቆተ ተረተር አናት ላይ ለብቻው የቆመ ጥቁር አረንጓዴ ክብ ነው፤ ከሩቅ ላየው መንገደኛ ቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያው ሳይታይ የሚያመለክተው ይኸው ክብ ነው።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት። አገሩ የአገው ነው፤ ኽምጣኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገርባታል። ስሟ በዓለም ዘንድ የታወቀው ግን በሌላ ነገር ነው። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰየመ፤ ከዚያ በፊትም አካባቢው የሚነሣው በድርቅ ነበር። ችግሩ እውነት ነው፤ ሊሸሸግም አይገባም። አንድን አገር በረኃቡ ብቻ ማወቅ ግን ሌላ በደል ነው፤ ዋግ ከረኃቡ በፊትም በኋላም ታሪክ ያለው አገር ነውና።

ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የተባለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ውቅር ማለት የተወቀረ፣ ከዐለት የተፈለፈለ ማለት ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ የተመለሰ ሰው ይህን ባያይ የሥራውን ስፋት ግማሹን ብቻ ነው ያየው፤ የዐለት ፍልፍል ጥበብ በአንድ ከተማ ተጀምሮ በአንድ ከተማ ያለቀ አይደለም። በዚህ ሥፍራ ሳይፈርስ የደረቀ አካላቸው በሣጥን ተቀምጦ የሚገኘው ሙታን የዋግ ሹማምንት እንደሆኑ ይነገራል። ጎብኚ ብዙ ጊዜ ቸኩሎ የሚሄደው ወደ እነርሱ ነው፤ ካሜራውንም የሚያወጣው እዚያው ላይ ነው። እነዚህ ግን ዘራቸው ዛሬም በአገሩ ያለ የሰው አባቶች ናቸው። ቆሞ ማሰብ እንጂ ማፍጠጥ አይገባም።

ዋግሹም የሚለው ማዕረግ ከዛጉዌ ነገሥታት ጋር የተያያዘ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው መንግሥቱ ወደ ይኩኖ አምላክ ቤት ሲመለስ የዛጉዌ ወገን በዋግ ላይ ሹመቱን ይዞ፣ በንጉሡ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ክብር ተሰጠው። ከዋግሹሞቹ አንዱ፣ ዋግሹም ጎበዜ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ በበዝብዝ ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ተሸነፉ። በጣሊያን ወረራ ጊዜም ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ አርበኛ ሆነው ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚሁ ምድር ወደቁ።

ወደ ዐጸዱ ሲመለሱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ጽድ ነው፤ ወይራም ከአጠገቡ አይጠፋም። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ በዘፈቀደ መቁረጥ ይፈራል፤ ዛፉን ከእርሻና ከማገዶ ያተረፈውም ይህ ፍርሃት ነው። አጥር የሌለበት ዐጸድ ግን ከብት እየገባበት ቡቃያው ይበላል፤ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አይኖርም። አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያውቀው የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ከምእመናን ጋር በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ማስገንባቱ ለዚህ መልስ ነበር። በዋግ ድንጋይ ሞልቷል፤ ካብ የሚያውቅ እጅም አለ።

እንዲህ ያለ ሥፍራ እንግዳ ተቀብሎ እንዴት ሊኖር እንደሚችል የሚያሳዩ በጃፓን ተራሮች ላይ የኮያ ገዳማት አሉ። መነኩሴው ኩካይ በ816 እ.ኤ.አ. የመሠረታቸው ናቸው፤ መቃብሮቹ በረጃጅም ዛፎች ሥር ናቸው። ብዙዎቹ ገዳማት እንግዳ ያሳድራሉ፤ ሥጋ የሌለበት ምግብ ያቀርባሉ፤ የሚከፈለውም ገዳሙን ይደግፋል። ወደዚያ የሚወስዱት የኪኢ ተራሮች የእግር መንገዶች በ2004 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ለኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የጾም ምግብ አለ፤ በእግር የሚሳለም ሕዝብ አለ፤ በዐጸድ ውስጥ መቃብርም አለ። በዋግ የጎደለው ማደሪያና መሪ ነው፤ ይህ ደግሞ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።

ዐጸዱ ከሁሉ የሚያምረው በነሐሴ ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ቄጠማ ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ እየመቱ ይጨፍራሉ፤ በዓሉም በሣሩ ስም ሻደይ ይባላል። በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው ይኸው ነው። በክረምቱ ማብቂያ ተራራው አረንጓዴ ስለሚሆን በሌላው ወር ራቁቱን የሚታየው ተረተር ያኔ ራሱ ዐጸድ ይመስላል።

ወደ ሰቆጣ የሚወስደው አንዱ መንገድ ከላሊበላ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ከኮረም ወደ ምዕራብ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት አካባቢውን ጎድቶታል፤ ስለዚህ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ግድ ነው። ቅጥር ውስጥ ሲገቡ ቄሰ ገበዙን ማስፈቀድ፣ ከመቅደሱ ደጃፍ ጫማ ማውለቅ፣ ቅዳሴ ላይ ከደረሱም እስኪወጣ መታገሥ ይገባል። ከዚያ ወደ ሰቆጣ ገበያ መውረድ ነው። ማር እዚያ ይሸጣል፤ ከቆላው የሚመጣው የአበርገሌ ፍየልም አይታጣም፤ 188 ሜትር ከፍታ ካለው የተከዜ ግድብ በስተኋላ ከተኛው ሐይቅ የሚጠመደው ዓሣም ለዋግ አዲስ ምግብ ሆኗል።