ሸክላው ሲያረጅ ዘፈኑ ለምን አያረጅም?

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ሻይ ቤት የጥላሁን ገሠሠና የማሕሙድ አሕመድ የጥንት ዘፈን ሲሰማ አብሮ የሚያዜመው ሽማግሌው ብቻ አይደለም፤ ዘፈኑ ሲወጣ ገና ያልተወለደው ተማሪም ጭምር ነው። እንግዲህ ነገሩ የትዝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አንደኛው ምክንያት ትጋት ነው። እንደ ክቡር ዘበኛ ያሉት የሙዚቃ ክፍሎች ደመወዝተኛ ሙዚቀኞች ነበሯቸው፤ ግጥሙን አንዱ፣ ዜማውን ሌላው እየደከመበት ዘፈኑ በብዙ እጅ ተጣርቶ ይወጣ ነበር።

ሁለተኛው ድፍረት ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ዘመን ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. በራሱ ኃላፊነት ማሳተም ጀመረ፤ እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ ጥንታዊ የምንለው ያን ጊዜ አዲስና አስደንጋጭ ነበር።

ስለዚህ ወዳጄ፣ በቤንች ወይም በሸኮ ቋንቋ አዲስ ዜማ ይዞ የመጣውን ጓደኛህን፣ እንደ ጥላሁን አልሆንክም ብለህ አታሳፍረው። የቡና ችግኝ እንኳ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይታገሡታል። አሮጌውን ዘፈን ውደድ፤ አዲሱን መምቻ ዱላ ግን አታድርገው።