የወንድማማቾቹ ወረቀት የማን ነው?

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እያልን እንተርታለን፤ የተጻፈውን ለመውረስ ግን እጃችንን አንዘረጋም። ስለ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ስለ ወንድማቸው ስለ ገርማሜ ንዋይ ክርክር በተነሣ ቁጥር አንዱ ወገን ሰማዕታት ይላቸዋል፤ ሌላው ወገን ነፍሰ ገዳዮች። ሁለቱም ወገኖች ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይጮኻሉ፤ «እስቲ ራሳቸው የጻፉትን፣ ስለ እነሱም የተጻፈውን አምጡና እንየው» የሚል ግን ጥቂት ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ በሁለቱ ላይ ለመፍረድ አይደለም። የምንጠይቀው የወንድማማቾቹ ወረቀት ተሰብስቦ፣ በሥርዓት ተደራጅቶ፣ ወዳጅም ጠላትም ሳይመርጠው ለአንባቢ ሁሉ ክፍት እንዲሆን ነው።

ነገሩ ከማንም ይልቅ እኛን ይመለከታል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥቱ ሲሞከር የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጥተዋል። ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ባለ ሥልጣኖች የተገደሉት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም ዛሬ በስድስት ኪሎ ግቢያችን ውስጥ በሚገኘው ሕንፃ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ቤቱን ያደረገው እዚያው ነው። ደም በፈሰሰበት ቤት መጽሐፍ ያስቀመጠች አገር ደሙን ያፈሰሰውን ክርክር ወረቀት ለምሥጥ ልትተው አይገባትም።

ብዙዎቻችን የምንሠራው የመጀመሪያው ስሕተት የሁለቱን ሕይወት ወደ ጥቂት የታኅሣሥ ቀናት ማጥበብ ነው። ገርማሜ አሜሪካን አገር በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲዎች ተምረዋል፤ በኮሎምቢያም በኬንያ ስለ ተካሄደው የነጮች ሠፈራ የመመረቂያ ጽሑፍ አቅርበዋል። በወላይታ ገዢ ሳሉ መሬት ለሌለው ገበሬ መሬት ለማከፋፈል ሲነሡ ባለ ርስቶች አቤት አሉባቸው፤ ወደ ጅጅጋም ተዛወሩ። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለመመርመር የገዢው ደብዳቤ ብቻ አይበቃም። የባለ ርስቱ አቤቱታ፣ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ትእዛዝ፣ የመዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን ጭምር ያስፈልጋል። ደብዳቤው ከዶሴው ተመዝዞ «የጀግናው ጽሑፍ» ተብሎ ለብቻው ቢቀመጥ መልሱ ይተርፋል፤ ጥያቄው ይጠፋል። ስለዚህ ዶሴ በተገኘበት ቅደም ተከተል ይቀመጥ፤ ከየት እንደ መጣም ይጻፍበት።

ሁለተኛው ስሕተት ሁለቱን ወንድማማቾች አንድ ሰው ማድረግ ነው። ታላቅየው የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ፤ ታናሽየው የሲቪል አስተዳዳሪ። ሐሳቡ የታናሹ፣ ጠብመንጃው የታላቁ ነበር ሲባል እንሰማለን። የሁለቱ ወረቀት ከተደባለቀ ይህ አባባል እውነት ይሁን ሐሰት በምን ይመዘናል? በቦስተን ከተማ በ1979 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት የወንድሞቻቸውን የሮበርትንና የኤድዋርድን ወረቀት ጭምር ይዟል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በየስሙ ነው የተመዘገበው። ለእኛም የሚበጀው ይኸው ነው፤ ጣሪያው አንድ፣ ስሙ ሁለት።

«ቁስል አትነካኩ፤ የሟቾቹ ልጆች አሉ» የሚሉን አሉ። እኛም የምንለው ለእነሱ ስንል ነው! የተገደሉት ሰዎች ቤተ ሰብ ያስቀመጠው ደብዳቤና ማስታወሻም በዚያው ቤት፣ በዚያው ክብር ይቀመጥ። ለቤተ ሰብ ምሥጢር የሚገባው ወረቀት ቢኖር ለተወሰነ ዘመን ይዘጋ፤ የሚከፈትበት ቀን ግን በሣጥኑ ላይ ይጻፍ። ቀን ያልተቆረጠለት «ለጊዜው» መቃብር ነው እንጂ ጥበቃ አይደለም።

«ሁሉን በስካነር አንሥቶ ኮምፒዩተር ውስጥ መክተት ይበቃል» የሚሉም አሉ። ቅጂው መልካም ነው፤ ዋናውን ግን አይተካም። ዝርዝር ያልተሠራለት አሥር ሺሕ ምስል ካልተበራየ ክምር በምን ይሻላል? መጀመሪያ የሚዝገው ስፒልና አግራፍ ይውለቅ፤ የተቀደደው በፕላስተር አይለጠፍ፤ ወረቀቱ አሲድ በሌለው ካርቶን ገብቶ ከእርጥበትና ከፀሐይ ይራቅ፤ ቁጥርና ዝርዝር ይውጣለት። ስካነሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የጥናትና ምርምር ተቋሙና ወመዘክር በመሥሪያ ቤትና በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ የሚገኘውን የሚያሳይ አንድ የጋራ ዝርዝር ያውጡ። ሁለተኛ፣ ወረቀት በሣጥኑ ያስቀመጠ ሁሉ ዋናውን መስጠት ቢከብደው ቅጂውን ይስጥ። ሦስተኛ፣ የታሪክ መምህሮቻችን ይህን ሥራ ለክረምት ተማሪዎች ይክፈቱልን፤ በባለሙያ እየተመራን አቧራውን እኛ እናራግፍ።

መንግሥቱ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተሰቀሉ፤ ገርማሜ ከዚያ በፊት በታኅሣሥ ሞተዋል። ሁለቱም ከእንግዲህ ቃል አይጨምሩም። የቀረው ቃል በወረቀት ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ወረቀት ደግሞ ክርክራችን እስኪያልቅ አይጠብቅም። ፍርዱን ለአንባቢ እንተውና ማስረጃውን እናድን!