ተወጊው ነው አስተማሪው

የድሮ የጣሊያን የሰይፍ ፍልሚያ ቪዲዮ ማየት እንደምወድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። «ቲቸር ደግሞ ጀመረው!» የምትሉ ተማሪዎቼ ዛሬ ትንሽ ታገሱኝ።

ራፒየር ስለሚባለው ቀጭንና ረጅም ሰይፍ ጂጋንቲ ቬኒስ ላይ፣ ፋብሪስ ኮፐንሃገን ላይ እ.ኤ.አ. በ1606፣ ካፖ ፌሮ ደግሞ በ1610 ሲዬና ላይ መጽሐፍ አሳትመዋል። ዛሬ ብዙ ሰው እነዚህን መጻሕፍት ገልጦ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይለማመዳል። ሥዕሎቹ ላይ አንዱ ወጊ፣ ሌላው ተወጊ ነው። ሁሉም ታዲያ ወጊውን ነው የሚያየው። እኔ ግን ልምምዱን የሚያበላሸውም የሚያሳምረውም ተወጊው ነው ባይ ነኝ።

ዋናውን ልምምድ ላስረዳ። ሁለቱም ቀኝ እጃቸውን ይጠቀማሉ እንበል። ወጊው የባላጋራውን ሰይፍ በስተቀኙ አድርጎ፣ የራሱን ሰይፍ ጠንካራ ክፍል (ወደ እጀታው ያለውን) በዚያኛው ደካማ ክፍል (ወደ ጫፉ ባለው) ላይ ቀስ ብሎ ያሳርፋል። አይጫንም፣ መንገድ ብቻ ይዘጋል። ተወጊው ቀጥታ መውጋት ስለማይችል ጫፉን ከሥር አሹልኮ በሌላው ጎን ያወጣል፤ ካቫትሲዮኔ ይሉታል። ወጊው መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ክንዱን የሚዘረጋው ያኔ ነው፣ ጫፉ ገና እየዞረ ሳለ። በአንድ እንቅስቃሴ ይዘጋል፣ ይወጋል። ያቺ ቅጽበት «ቴምፖ» ናት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ተወጊው እንደሚወጋ አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ጫፉን ወደ ጓደኛው ደረት ሳይሆን ወደ አየር ይልካል፣ ወይ መሃል ላይ ያቆመዋል። ለጓደኛው ያዘነ መስሎት ነው። ወጊው ደግሞ ጨርሶ ሊነካው የማይችል ሰይፍ ተከላክሎ «ገባኝ» ይላል። ክላስ ውስጥ ጥንድ ሆነው ሲጠያየቁ ጠያቂው መልሱን በከንፈሩ እንደሚነግረው ማለት ነው (ራሳችሁን ታውቃላችሁ)።

መፈተኛው ቀላል ነው። ወጊው ምንም ሳያደርግ ቢቆም የተወጊው ጫፍ ደረቱ ላይ ማረፍ አለበት። ካላረፈ ልምምድ አይባልም። ሌላም አለ፦ ወጊው መንገዱን በደንብ ካልዘጋ ተወጊው ጫፉን ማዞር የለበትም፣ በተከፈተው በኩል ቀጥ ብሎ መውጋት ነው ያለበት። ይሄኔ ብዙዎቹ ይኮራረፋሉ፤ «ልምምዱ እንዲህ አይደለም» ይላሉ። እንዲህ ነው እንጂ! ስህተቱን አሁን ካልነገረው መቼ ሊነግረው ነው?

ስለ ፍጥነትም አንድ ነገር። «ቀስ ብለን» ተባብለው ይጀምሩና አንዱ ሳያስበው ይፈጥናል። የፈጠነው ያሸንፋል፤ ግን ያሸነፈው ሰዓቱን ስላወቀ ሳይሆን ቃሉን ስላልጠበቀ ነው። ሁለቱም እኩል መዝግየት አለባቸው።

ለመሞከር ያማራችሁ ካላችሁ፣ የፊት ጭንብልና የጉሮሮ መከላከያ ሳታደርጉ በእንጨትም ቢሆን እንዳትነኩት። ቀስ ብሎ የሚመጣ ጫፍም ዓይን ያጠፋል።