መዝገቡ በደንብ ሳይነበብ የሰው ስም አይጥፋ



የልጆቻችንን ቫን የሚይዝ ሰው ጠጥቶ የማይነዳ መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ለወላጅ መብቱም ግዴታውም ነው። ማኅበራችን በዚህ ላይ ክርክር የለውም። ክርክራችን በአጣሪው ሥራ ላይ ነው።

እንደሚታወሰው ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ማን እንደለጠፈው ያልታወቀ አንድ ወረቀት ታይቶ ነበር። ከኮምፒዩተር የታተመ የፍርድ ቤት መዝገብ ነው፤ በሸናንዶዋ ሸለቆ ካሉት የገጠር ካውንቲዎች ከአንዱ የተገኘ። ጠጥቶ በማሽከርከር የተከሰሰ ሰው ስም ተጽፎበታል፤ ስሙም የቅዳሜውን የአማርኛ ትምህርት ቤት ልጆች በነፃ ለማመላለስ ካመለከቱት ጎረቤታችን ስም ጋር አንድ ነው። የትውልድ ወሩና ቀኑም እንደዚሁ። ሰብሳቢው ወረቀቱን እስኪያነሡት ድረስ ወሬው ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ደርሶ ነበር።

ጎረቤታችን ምንም ሳይናገሩ ወደ ዲ.ኤም.ቪ. ሄደው የመንጃ ፈቃድ ታሪካቸውን አውጥተው ለኮሚቴው አስረከቡ። አንድም የመጠጥ ክስ የለበትም። ለነገሩ ያ የተለጠፈው ወረቀት ራሱ የተከሳሹን ከተማና የፖስታ ቁጥር ይዟል፤ ከተማውም ከእኛ አካባቢ እጅግ የራቀ ነው። ለጣፊው እስከዚያ ድረስ አላነበበም ማለት ነው። አሁን ጎረቤታችን «በቃኝ» ብለው ማመልከቻቸውን አንሥተዋል፤ ልጆቹም ሦስት ቅዳሜ ያለ መኪና ቀርተዋል።

ነገሩ እንዴት ሆነ? የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያም አይጠየቅበትም። ስም ጽፎ መፈለግ ይቻላል። ነገር ግን የትውልድ ዘመኑን አያሳይም፤ ወሩንና ቀኑን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ከስደተኛ ጣቢያ የመጣን ሰዎች ስንቶቻችን ነን ልደታችን ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላልን? በዚህ ሰፈር ብቻ በዚያ ቀን «የተወለደው» ሰው ቁጥር አንድ አዳራሽ ይሞላል። ላይ ስምና የአባት ስም ሲገጣጠም፣ ታች ጃንዋሪ 1 ሲጨመርበት፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ሰው ይሆናሉ። በፈረንጅ ስምና ልደት የተሠራ ዘዴ ለእኛ ስም እንደማይበቃ ማወቅ ነበረብን።

የተገላቢጦሹም አለ። ያለ መዝገብ «የለም» ሊባል ይችላል። አንድ ተስፋዬ በመጥሪያው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በመንጃ ፈቃዱ በሌላ ሊጻፍ ይችላል። እንደ ገብረ መድኅን ወይም ኃይለ ማርያም ያለው ስም አንድ ቦታ ተያይዞ፣ ሌላ ቦታ ተነጥሎ፣ «ገብረ» የመካከለኛ ስም ተደርጎ ይገኛል። የገጠር ፖሊስ በሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን እያየ የጻፈውን ነው መዝገብ ቤት የሚገለብጠው። ስለዚህ ፈላጊ የሆነ ሰው ስሙን በሦስትም በአራትም አጻጻፍ መሞከር አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የት ፍርድ ቤት የሚለው ነው። ቨርጂኒያ 95 ካውንቲዎች አሏት፤ ከእነዚህ ውጭ ደግሞ ከማንም ካውንቲ የማይቆጠሩ 38 ከተሞች አሉ። ስታንተን ከተማ ዙሪያዋን በኦገስታ ካውንቲ ብትከበብም የራሷ ችሎት አላት። ዊንቸስተር ከተማና ፍሬድሪክ ካውንቲ ግን አንድ ጀነራል ዲስትሪክት ኮርት ይጋራሉ። ሾፌሩ የተያዘው በመንገድ 81 ላይ ከሆነ፣ ያ መንገድ ብዙ ካውንቲ ስለሚያቋርጥ፣ «ወደ ዊንቸስተር አካባቢ ነው» ማለት አይበቃም። መጥሪያው ወረቀት ካለ የፍርድ ቤቱ ስም እላዩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። መጥሪያውን አትጣሉ።

ከዚህም በላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ማለትም በስካይላይን ድራይቭ ላይ፣ የመጸው ቅጠል ለማየት ወጥቶ ጠጥቶ የተያዘ ሰው ጉዳዩ የሚታየው በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። በካውንቲው መዝገብ ቢፈለግ አይገኝም። እዚሁ ደጃችን ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይም የፌዴራል መሬት ስለሆነ ክሱ አሌክሳንድሪያ ወደሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። እንግዲህ «የካውንቲውን መዝገብ አይቻለሁ፣ ሰውዬው ንጹሕ ነው» የሚለውም እንደዚያኛው ለጣፊ ተቻኩሏል።

መዝገቡ ተገኘ እንበል። አነባበቡስ? ክስ መኖሩ ጥፋተኝነት አይደለም። «ኖሌ ፕሮሴክዊ» የሚል ቃል ቢታይ ዓቃቤ ሕጉ ክሱን ትቶታል ማለት ነው። «ዲስሚስድ» ከሆነ ዳኛው ዘግቶታል። «አሜንድድ» የሚል ካለበት ክሱ ተለውጧል፤ ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ ጉድለት ወደ ማሽከርከር ይወርዳል። ጀነራል ዲስትሪክት ኮርት ያለ ጁሪ በአንድ ዳኛ የሚታይበት የታችኛው ችሎት ሲሆን፣ የተፈረደበት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪዩት ኮርት ይግባኝ ማለት ይችላል። እዚያ ጉዳዩ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይታያል። ታች «ጥፋተኛ» የተባለው ላይ ነፃ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን መዝገብ ሳያዩ አፍ መክፈት አይገባም። በ10 ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ የተከሰሰ ሰው ደግሞ ወንጀሉ ከባድ ወንጀል ስለሚሆን የመጨረሻ ፍርዱ የሚገኘው ከላይኛው ፍርድ ቤት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይሉ የለ።

እስካሁን ያልነው ሌላውን ስለሚፈልግ ሰው ነው። አሁን የራሱን መዝገብ መፈለግ ወደሚገባው ሰው እንምጣ፤ ጉዳዩ ከሁሉም የሚብሰው እዚህ ላይ ነውና። ለዜግነት የሚያመለክት ሰው በኤን-400 ቅጽ ላይ ተይዞ ወይም ተከሶ ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል። ክሱ የተዘጋ ቢሆንም መልሱ «አዎን» ነው፤ ማስረጃውም በፍርድ ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ የውሳኔ ግልባጭ ነው። ከኮምፒዩተር የታተመ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ በሰጡት ውሳኔ መሠረት፣ በሚመረመረው ዘመን ውስጥ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ጠጥቶ በማሽከርከር የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው አስቀድሞ ይገመታል። ግምቱን የማፍረሱ ሸክም በአመልካቹ ላይ ይወድቃል። የዚህ ዓይነት ጣጣ ያለበት ሰው ማመልከቻውን ከመላኩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር፤ ቅጽ ሞይ ጠበቃ አይደለም።

ታዲያ ጊዜ ይሮጣል። የታችኛው ፍርድ ቤት የእንዲህ ያለውን ጉዳይ ሰነድ በመሠረቱ የሚያቆየው ለ10 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ይወገዳል። «ያለፈ ነገር ነው፣ ተረስቷል» ብሎ 12 ዓመት የተቀመጠ ሰው ፍርድ ቤቱ ቢረሳውም የጣት አሻራው አይረሳውም። ይህ የገጠመው ሰው ለሬጅስትራሩ ጽፎ መዝገቡ አለመገኘቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በፍርድ ቤቱ ስም ያስጽፍ። ገና 10 ዓመት ያልሞላው ደግሞ ዛሬውኑ ግልባጩን ያውጣ፤ ክፍያው አነስተኛ ነው። በትንንሽ ካውንቲዎች ችሎቱ በየቀኑ ስለማይቀመጥና የመዝገብ ቤት ሠራተኞቹም ጥቂት ስለሆኑ ሁለት ሰዓት ተነድቶ ከመሄዱ በፊት በስልክ ጠይቁ። የመዝገብ ቁጥር ይዛችሁ ብትደውሉ ሰዎቹ ባብዛኛው ትሑታን ናቸው። በከተማ ካሉት ይሻላሉ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ቀጠሮ ያለበት ሰው ፈጽሞ እንዳይቀር። አድራሻ ቀይሬ መጥሪያው አልደረሰኝም ማለት የመያዣ ትእዛዝ ከመውጣት አያድንም። እንግሊዝኛ የሚከብደው ተከሳሽ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ ግን በገጠር ችሎት የአማርኛ አስተርጓሚ በሩ ላይ ቆሞ አይጠብቅምና አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። የጓደኛ ልጅ ይዞ መሄድ ይቅር።

ስለ መጠጡስ? «ሁለት ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት» የማይል ሰካራም ፖሊስ አይቶ አያውቅም። የቨርጂኒያ ሕግ ልኩ 0.08 ነው፤ ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ 0.02፣ የጭነት መኪና ለሚነዳ 0.04። የመጀመሪያው ጥፋት እንኳ እስከ 12 ወር እሥራት፣ ከ250 እስከ 2500 ዶላር መቀጮና የአንድ ዓመት የመንጃ ፈቃድ እገዳ አለው። ልኩ 0.15 ከደረሰ ቢያንስ 5 ቀን እሥር ቤት ነው፤ ከ0.20 ካለፈ 10 ቀን። በሠርግ ቤት ጠጅ አስተላላፊው «አንድ ብቻ» ሲል ይህን አብሮ አይነግርም። በዚህ ሰፈር እንጀራው ከመሪ ጋር የታሰረ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል። ከእንግዲህ ልጆችን ለማመላለስ የሚያመለክት ሰው የራሱን የመንጃ ፈቃድ ታሪክ ከዲ.ኤም.ቪ. አውጥቶ ያቀርባል። ያ መዝገብ በስም ብቻ ሳይሆን በፈቃድ ቁጥር የተያዘ ስለሆነ ሰው ከሰው አያምታታም፤ የመጠጥ ፍርድም በላዩ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ወረቀቱን የሚያዩት ሁለት የኮሚቴ አባላት ብቻ ናቸው፤ ታይቶ ለባለቤቱ ይመለሳል። በዚህ ሰሌዳ ላይ የማንም ሰው የፍርድ ቤት ወረቀት አይለጠፍም፤ የተለጠፈም ወዲያው ይነሣል።

ጎረቤታችንን ለማነጋገርና ቫኑን እንዲይዙልን ዳግመኛ ለመለመን ሦስት ሽማግሌዎች ተመርጠዋል። የራሱን መዝገብ ማውጣት ፈልጎ ደብዳቤ መጻፍ የሚቸግረው ነዋሪም ቅዳሜ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ወደ መሰብሰቢያው ክፍል ይምጣ። መጥሪያውን፣ የተያዘበትን ቀንና ስሙ የተጻፈባቸውን መታወቂያዎች ሁሉ ይዞ ይምጣ። ምን እንዳለበት ማንም አይጠይቀውም።